አጋዘን የማይበላው ተክል

ቤት የገዛ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ጓሮውን ከጎረቤት ዓይን የሚጋርድ ተክል ሲፈልግ ለእኔ ነው የሚደውለው። «ትዕግስት፣ ክረምት ከበጋ ቅጠሉ የማይረግፍ ምን ልትከል?» ይለኛል። አጭር መልስ ጠብቆ ከሆነ ተሳስቷል፤ ወንበር ስቦ ይቀመጥ። እኔ ስለ አጥር ተክል ማውራት የምጀምረው ከሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። አባቴ እዚያ አልጋ ላይ ተኝተው፣ ልባቸው አሁን ቆመ አሁን ቆመ እያሰኘ፣ ሐኪሞቹ ምን እንደነካቸው ግራ የገባቸውን ያን ቀን ሳላነሳ ለማንም ምክር አልሰጥም። እናንተም ታገሱኝ። ስሜ ትዕግስት ቢሆንም እኔ ራሴ የለኝም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት አካባቢ ነው። ሰው ቤቱን ለባንክ እየጣለ በሚወጣበት ወቅት እኔና ባለቤቴ ዳዊት ቴክሳስ፣ ቤድፎርድ ከተማ ውስጥ ቤት ገዛን። እኔ ለአውሮፕላን ምግብ በሚዘጋጅበት ኩሽና እሠራለሁ፤ ዳዊት የሆቴል እንግዶችን ከኤርፖርት የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። እናቴ ካረፈች በኋላ አባባ ብቻቸውን እንዳይቀሩ ብዬ አስመጣኋቸው። አባባ ዕድሜያቸውን በሙሉ አዲስ አበባ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው።

ሲመጡ ከሻንጣቸው ሁሉ የሚሳሱለት በላስቲክ የተጠቀለለ የወይራ መፋቂያ ነበር። የኤርፖርት ፈታሿ «እንጨት ወደ አገር አይገባም» ብላ ሙሉውን እስር ቆሻሻ ውስጥ ጨመረችባቸው። አባባ በዚያ ዕድሜያቸው አንድም ጥርስ አልጎደላቸውም፤ ለዚህም የሚያመሰግኑት ከፈጣሪ ቀጥሎ መፋቂያቸውን ነው። የገዛሁላቸውን ብሩሽ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ይሄማ የጫማ ነው» ብለው መለሱልኝ። ስቄ ረሳሁት።

ያስጨነቀን የመስኮቱ ነገር ነበር። ከጓሯችን በስተጀርባ ባለ ፎቅ ቤት አለ። ፎቁ ላይ መስኮት፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ አንዲት ነጭ አሮጊት። ጠዋት ብትወጡ አለች፤ ከሰዓት ብትወጡ አለች። አባባ የሚጸልዩት ጓሮ ወጥተው፣ እየተመላለሱ፣ እጃቸውን እያነሱና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው። ቤት ውስጥ ይጸልዩ ብላቸው ጣራው ያፍነኛል ይላሉ።

አንድ ጠዋት ጸሎታቸውን አቋርጠው ገቡ። «ልጄ፣ ከጌታዬ ጋር ሳወራ መሀል ላይ ሦስተኛ ሰው አለ» አሉኝ።

«ይተዉአት አባባ፣ ሥራ ፈት ናት።»

«እኔም ሥራ ፈት ነኝ፤ ግን የሰው ግቢ አላይም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚወጡት እየቀነሰ መጣ። ሶፋው ላይ ይቀመጡና ያልገባቸውን ቴሌቪዥን ያያሉ። አንድ ቀን እንዲያው በወሬ መሀል «እኔ አሁን ምን ቀረኝ? የምነዳው የለ፣ የሚጠብቀኝ ተሳፋሪ የለ። እናትሽ ቦታ ይዛልኛለች» አሉ። ያን ቅዳሜ «ተነሱ፣ አጥር እንተክላለን» ብዬ መኪና ውስጥ አስገባኋቸው። ያለውን የእንጨት አጥር ከፍ እንዳናደርግ ከተማው ከተወሰነ ቁመት በላይ አይፈቅድም፤ ያለን መላ ተክል ብቻ ነበር።

ሌዊስቪል መንገድ ላይ ወዳለው ትልቅ የችግኝ መሸጫ ሄድን። ሻጩ ቀይ ፂም ያለው ፈገግተኛ ነበር። መጀመሪያ ያሳየን አዲስ ቅጠሉ ቀይ የሆነውን፣ ሰፈሩ ሁሉ የተከለውን ነው። «ያምራል፤ ግን አሁን አሁን ቅጠሉን ነጠብጣብ በሽታ እየፈጀው ነው» አለን። አለፍነው። ቀጥሎ ጽድ የሚመስል ረጅም ዛፍ አሳየን። አባባ «ይሄ ለመቃብር ነው፣ እኔ ገና አልሞትኩም» አሉ። ሦስተኛው ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ላይ እሾህ ያለው፣ ጥቅጥቅ ብሎ የሚያድገው ሆሊ ነው። ሁላችንም ወደድነው፤ ሻጩ ግን መስኮቱ ድረስ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል አለን።

«እሱ እስኪያድግ ሴትዮዋም እኔም የለንም» አሉ አባባ።

ዞር ስል ከአንድ ተክል ፊት ቆመው ቅጠሉን በጣታቸው ይዳብሳሉ። ቅጠሉ ቀጭን፣ ረዘም ያለና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ ቅርንጫፉ ቀጥ ቀጥ ብሎ ከሥሩ ይወጣል። ፊታቸው በርቷል።

«ትዕግስት፣ ይሄ ወይራ አይመስልም?»

እኔ የወይራን ቅጠል የት አውቄ! የከተማ ልጅ ነኝ። እሳቸውም ቢሆኑ መፋቂያ ሲገዙ የኖሩት ተልጦና ተከርክሞ ከፌርማታ ነው። ወረቀቱን አየሁት። ኦሊያንደር ይላል። ቶሎ ያድጋል፣ ሙቀት ይችላል፣ ቅጠሉ አይረግፍም፣ ያብባል፣ አጋዘን አይበላውም።

«አጋዘን አይበላውም ይላል» ብዬ ተረጎምኩላቸው።

«ቤድፎርድ አጋዘን የት አለና!» ብለው ከልባቸው ሳቁ። እናቴ ከሞተች እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። የተቀረውን ወረቀት ሳልጨርስ ጫኑልን አልኩ።

ዳዊትና እኔ ያንን እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ ጥቁር ጭቃ ስንቆፍር ወገባችን ተቆረጠ። አባባ ግን እንደገና ሰው ሆኑ። ጠዋት ይወጣሉ፣ ይጸልያሉ፣ ውኃ ያጠጣሉ፣ ተክሉን እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያሉ ያናግሩታል። ተክሉ ገና ደረታቸው ድረስ ነው፤ መስኮቷም ሴትዮዋም እንዳሉ ናቸው። እሳቸው ግን ነገ የሚዘጋ መስኮት ምን ያስጨንቀኛል በሚል ዓይነት ችላ አሏት።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ምግብ እምቢ ማለት ጀመሩ። «አፌን መረረኝ» ይላሉ። አንድ ቀን ደግሞ ራት ላይ አምፖሉን ቀና ብለው አይተው «መብራቱን ቀየራችሁት እንዴ? ሁሉ ነገር ቢጫ ቢጫ ይለኛል» አሉ። እኔ መነጽሩ ነው አልኩ፤ ዳዊት የቴክሳስ ፀሐይ ነው አለ። ለዓይን ሐኪም ቀጠሮ አስያዝኩ። ለዓይን!

ያ መጀመሪያ ያልኳችሁ ቀን የእኔ ኦፍ፣ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ልብስ እያጣጠፍኩ በመስኮት ሳይ አባባ ተክሉ ሥር ተንበርክከዋል። ለጸሎት መስሎኝ ዝም አልኩ። ደግሜ ሳይ ግንባራቸው መሬት ነክቷል። አሁንም ጸሎት መሰለኝ። ሲያስመልሱ ትከሻቸው ተነቃነቀ፤ ያን ጊዜ ነው በሩን በርግጄ የወጣሁት።

«አባባ! ምን ሆኑ?»

«ድካም… ድካም ነው» አሉ። ላብ አጥምቋቸዋል። የእጃቸውን የደም ሥር ስይዝ አንዴ መታና ጠፋ፤ የያዝኩበትን ቦታ የሳትኩ መሰለኝ። ከዚያ ተመልሶ መታ። 911 ኮል ሳደርግ አድራሻችንን ረስቼው ነበር፤ የደብዳቤ ሳጥኑ ላይ ሮጬ ሄጄ ነው ያነበብኩት።

ሆስፒታል ስንደርስ መጋረጃ ተዘጋ፤ ሸሚዛቸውን ቀደው ደረታቸው ላይ ነገር ለጠፉ። ማሽኑ አንዴ ጢጥ ይልና ዝም ይላል። ያ ዝምታ እንዴት እንደሚረዝም ያላየ ሰው አያውቀውም። በእያንዳንዱ ዝምታ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ጢጥ ሲል አብሬ እተነፍሳለሁ። ዳዊት ከሥራ ሮጦ መጥቶ ትከሻዬን ሲይዘኝ አልሰማሁትም።

ወጣቱ ሐኪም ወደ ጥግ ወሰደኝ። «አባትሽ የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«አይወስዱም። የደም ግፊት ኪኒን ብቻ ነው።»

«ቤት ውስጥ የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሌላ ሰው አለ?»

«ማንም የለም። ለምን?»

«ደማቸው ውስጥ አንድ የልብ መድኃኒት የሚመስል ነገር አግኝተናል። ግን መጠኑ ትንሽ ነው፤ ልባቸውን እዚህ ደረጃ ለማድረስ አይበቃም። አንዱ ከአንዱ አልገጠመልንም። ምን እንደዋጡ ካላወቅን በጭፍን ነው የምንሄደው።»

ከእሱ በኋላ ሶሻል ወርከር የተባለች ሴት መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰሞኑን ያዝኑ ነበር? መሞት እንደሚፈልጉ የሚያሳይ ነገር ተናግረዋል?» አለችኝ።

«አባቴ አማኝ ናቸው!» ብዬ ጮህኩባት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ካርዷን ጉልበቴ ላይ አስቀምጣ ሄደች። እሷ ስትሄድ ግን ጥያቄው እኔው ጋ ቀረ። እናትሽ ቦታ ይዛልኛለች ብለው አልነበረም? ምግብ እምቢ አላሉም? ከየት አምጥተው ምን ዋጡ? አባቴን ከሰው መሀል አውጥቼ፣ ሶፋ ላይ ጥዬ፣ ብቸኝነት አንጀታቸውን በልቶት ራሳቸውን… ቃሉን እስከዛሬ ድረስ መጨረስ አልችልም። የሆስፒታሉ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ጌታ ሆይ፣ ከወሰድካቸውም ውሰዳቸው፤ ግን በገዛ እጃቸው አይሁን ብዬ ለመንኩ። ልብ በሉ፣ እንዲተርፉ መለመኑን ትቼ እሱን ነው የለመንኩት። ተስፋ መቁረጥ ማለት ለእኔ ያ ነው።

«ዳዊት፣ ቤት ሂድ» አልኩት። «ክፍላቸውን ፈትሽ። ኪኒን፣ ብልቃጥ፣ ምንም ነገር።»

እሱ ሄደ። ውስጥ ማሽኑ መጮህ ጀመረ፤ ሰው ሮጠ። የአባባን ልብ በኤሌክትሪክ እያስመቱላቸው ነው። በመጋረጃው ክፍተት ሰውነታቸው በየመሀሉ ሲንዘፈዘፍ አያለሁ። አንዲት ነርስ መጥታ የአባባን ልብስ በላስቲክ ከረጢት አስታቀፈችኝ። የሬሳ ዕቃ የተረከብኩ መሰለኝ፤ ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

ስልኬ ጮኸ። ዳዊት ነው።

«ምንም የለም ትዕግስት። የግፊት ኪኒናቸው ቦታው ነው። ኪችኑንም ባዝሩሙንም አየሁ። አንድም ሌላ መድኃኒት የለም።»

«ጓሮስ አየህ?»

«ጓሮ ነኝ። እዚህ ያቺ የመስኮቷ ሴትዮ መጥታለች፣ በዎከር፣ በብረት መደገፊያዋ እያዘገመች ብሎኩን ዞራ። እግሯን ኦፕራሲዮን ሆና ነው ለካ ከመስኮቱ የማትነሳው። እና አምቡላንሱን አይታ ታለቅሳለች። ስማቸው ማነው ትለኛለች።»

«ምን አየሁ ትላለች?»

«ምንም። እንደ ሁልጊዜው ጸለዩ፣ ተክሉን አጠጡ፣ ጥርሳቸውን ፋቁ፣ ከዚያ ተንበረከኩ ነው የምትለው።»

«ጥርሳቸውን በምን?»

«በመፋቂያ ነዋ፣ በምን ይፋቃሉ? እንጨት አፋቸው ውስጥ ነበር ትላለች።» ዳዊት እንደ ቀላል ነገር ነው የነገረኝ። አባቱን መፋቂያ በአፉ እያየ ያደገ ሰው ምን ይገርመዋል?

እኔ ግን የኤርፖርቷ ፈታሽ ፊቴ ድቅን አለች።

«ዳዊት፣ መፋቂያ ከየት አመጡ? ተጥሎባቸዋል እኮ!»

መልሱን ሳልጠብቅ ቀጠልኩ።

«ጠይቃት! ከየት ነው የሚያመጡት?»

በእንግሊዝኛ ሲጠይቃት ይሰማኛል፤ ቀጭን የአሮጊት ድምፅ ይመልሳል። ተመልሶ ሲመጣ የዳዊት ድምፅ ተቀይሯል። «ከአዲሱ ተክል ነው። ከተተከለ ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ቅርንጫፍ ይሰብራሉ፣ ልጣጩን በጥርሳቸው ይልጣሉ፣ ጸሎቱን እስኪጨርሱ ያኝኩታል አለች።»

ስልኩን ጣልኩት። የላስቲኩን ከረጢት ወለሉ ላይ ዘረገፍኩና የሸሚዛቸውን ደረት ኪስ ገለበጥኩ። ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ የፈረፈረ፣ ጣት የሚያህል እርጥብ እንጨት ወጣ። ይዤው መጋረጃውን ገፍቼ ገባሁ።

«ምንድነው?» አለ ሐኪሙ።

«የጥርስ ብሩሻቸው ነው! አባቴ በእንጨት ነው ጥርሳቸውን የሚያጸዱት። ከጓሯችን ተክል ነው የሰበሩት። ኦሊያንደር ይባላል።»

ሐኪሙ እንጨቱን አልነካውም። ቀና ብሎ አየኝ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ግራ መጋባት አልነበረም። «ተክሉ ሙሉ በሙሉ መርዝ ነው» አለኝ እየተራመደ። «ቅጠሉም፣ እንጨቱም። የሚሠራው ልክ እንደዚያ የልብ መድኃኒት ነው። የእኛ ምርመራ ጥላውን ብቻ ነው ያየው፤ ለዚህ ነው ትንሽ የመሰለን።» ማርከሻ እንዳለው፣ ነገር ግን ለእንዲህ ያለው የሚበቃ እዚያ ሆስፒታል እንደሌለ፣ ከፎርት ዎርዝ እንደሚመጣ ነገረኝ።

ከፎርት ዎርዝ! ያን መንገድ በየቀኑ እነዳዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ከአዲስ አበባ ራቀብኝ። የሥራ መውጫ ሰዓት ደርሷል፤ መንገዱ ሁሉ መኪና ነው። ያለውን ጥቂት ማርከሻ ሰጥተዋቸው ቀሪውን እንጠብቃለን። የአባባን እግር ይዤ ቆምኩ፤ ቀዝቅዟል። ሐኪሙ «አባቴ አማኝ ናቸው» ብዬ መጮኼን ሰምቶ ይሁን እንጃ፣ «የምትጸልዪ ከሆነ ጸልዪ፣ ሥራዬን አያውክብኝም» አለኝ። አባባ በሚጸልዩት ድምፅ፣ እንደ ጓሮው፣ ከፍ አድርጌ ጸለይኩ። ማንም ዝም በይ አላለኝም።

ማርከሻው ገብቶ እንኳ ወዲያው የሚሆን ነገር የለም። ማሽኑ ያንኑ ይላል፤ ጢጥ፣ ዝም። ጢጥ፣ ዝም። ከዚያ ቀስ በቀስ ዝምታው እያጠረ መጣ። መጀመሪያ የእኔ ምኞት መሰለኝ። ነርሷ ግን ፈገግ ብላ አየችኝና ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝ።

አባባ በማግስቱ ዓይናቸውን ገለጡ። ከንፈራቸው ደርቋል። ጎንበስ ብዬ መጠየቅ የማይገባኝን ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። መሞት ፈልገው ነው?»

አፍጥጠው አዩኝ። «ልሙት የሚል ሰው ጥርሱን ይፋቃል እንዴ?» አሉ።

እየሳቅሁ አለቀስኩ። ቆየት ብለው «ይመር ነበር፤ ደህና መፋቂያ ደግሞ ይመራል። ወይራው የአሜሪካ ስለሆነ ጠንከር ያለ መስሎኝ» አሉኝ። ከዚያ «ማን ነገራችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«የመስኮቷ ሴትዮ።»

«እንዲህ ቆጥራ ነው እንዴ የምታየኝ?» አሉ።

ሚስ ጆይስ ትባላለች። ባሏ ሞቶባት፣ እግሯ ተሰብሮ፣ ልጆቿ ሩቅ ሆነው ያንን መስኮት ይዛ የተቀመጠች ሰው ናት። አባባ ከሆስፒታል የወጡ ቀን ምግብ ይዛ በዎከሯ መጣች። ቋንቋ የላቸውም፤ ዳዊት ሊያስተረጉም ሲል አባባ በእጃቸው ከለከሉት። እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ጎንበስ አሉላት። እሷ ያለችውን እኔ ሰምቼዋለሁ፦ በየጠዋቱ እጃቸውን ወደ ሰማይ ሲያነሱ እያየች እሷም አብራ ትጸልይ ነበር። ሦስተኛ ሰው አለ ያሉት እውነታቸውን ነበር ማለት ነው።

እነሆ ምክሬ። ተክል ስትመርጡ ቶሎ ማደጉንና ማማሩን ብቻ አትጠይቁ። ወረቀቱ አጋዘን አይበላውም ካለ፣ ለምን እንደማይበላው ጠይቁ። ቤታችሁ ከአገር ቤት የመጣ ሽማግሌ ካለ፣ ቅጠል የሚቀነጥስ፣ እንጨት የሚያኝክ እጅና አፍ ይዞ እንደመጣ አትርሱ። ለእኔ ደግሞ አንድ ነገር ተጨመረብኝ፦ የሚያየኝን ሰው ሁሉ ጠላት ማድረግ ተውኩ። እኔ አንድ ጣራ ሥር እየኖርኩ መነጽር ነው ያልኩትን አባቴን፣ እሷ ከአጥር ማዶ ሆና አይታቸዋለች።

ኦሊያንደሩን ከነሥሩ በጓንት ነቅለን አስወገድን። በምትኩ ያንን ቀስ ብሎ የሚያድገውን ሆሊ ተከልን። ዛሬ ጥቅጥቅ ብሎ ግቢያችንን ዙሪያውን ጋርዶታል፤ አንድ ቦታ ብቻ ክፍት ነው። እንግዳ ሲመጣ ያየውና «እዚህ ጋ ደረቀባችሁ እንዴ?» ይለኛል።

«አልደረቀም» እላለሁ። «እዚያ ጋ አባባ አላስተከሉንም። ሚስ ጆይስ በምን ታየኛለች ብለው ነው።»